አሮጌውን የኢሜይል ሣጥን ስንለቅ

በእነዚህ ወራት ከፕሮጀክት ቢሮዎቻችን የሚደርሷችሁ የኢሜይል መልእክቶች አድራሻቸው እየተለወጠ መምጣቱን አንዳንዶቻችሁ ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ድርጅታችን ለብዙ ዓመታት ሲገለገልባቸው የቆዩትን የኢሜይል ሣጥኖች ትቶ በተለምዶ «ክላውድ» ወደሚባለው አገልግሎት በመዛወር ላይ ይገኛል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ፣ ለምን እንዳስፈለገ፣ በተለይም በዱቦና በአካባቢው ለሚሠሩት ባልደረቦቻችንና ርዳታ ለምትልኩልን ምእመናን ምን እንደሚያስከትል በዚህ ጽሑፍ ልናብራራ እንወዳለን።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር በቅድሚያ ልትረዱልን ይገባል። የሚለወጠው የኢሜይል አሠራራችን ብቻ ነው። የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥራችንና ስልኮቻችን እንደነበሩ ናቸው። «አድራሻችን ስለተለወጠ ገንዘቡን ወደዚህ አዲስ ሒሳብ አስገቡ» የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ፣ የምታውቁት ባልደረባችን ስም ቢኖርበትም እንኳ፣ ከእኛ የተላከ አይደለም። ምክንያቱን ወደ በኋላ እንገልጻለን።

ኢሜይል ወደ አገራችን የገባው ብዙዎች ከሚገምቱት ጊዜ ቀደም ብሎ ነው። በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊዶኔት በሚባል ዘዴ ተገልጋዮች በስልክ መስመር መልእክት እንዲለዋወጡ አድርጎ ነበር። የተጻፈው ሁሉ ተጠራቅሞ ይቆይና ስልኩ በተደወለ ጊዜ በአንድነት ይተላለፋል። ሙሉው የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው ግን የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ፣ ማለት በ1989 ዓ.ም.፣ መስመሩን በከፈተ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቶች በደብዳቤያቸው ራስጌ ላይ ከፖስታ ሣጥን ቁጥር ቀጥሎ የኢሜይል አድራሻ ማሳተም ጀመሩ፤ የአድራሻውም መጨረሻ መጀመሪያ «ቴሌኮም ዶት ኔት ዶት ኢቲ»፣ ኋላም «ኢትዮኔት ዶት ኢቲ» የሚል ነበር።

በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት የሚመጣው በተራ የስልክ መስመር ነበርና መስመሩ በተያዘ ቁጥር ሒሳቡም ይቆጥር ነበር። ስለዚህ ብልኅነቱ ቶሎ ደውሎ፣ የመጣውን መልእክት ወደ ቢሮው ኮምፒዩተር አውርዶ፣ ስልኩን መዝጋት ነበር። ለዚህ የተመቸው ፖፕ የሚባለው አሠራር ነው። ነገሩን በፖስታ ሣጥን ብንመስለው ለሁላችንም ይቀላል። በአገራችን ፖስተኛ ደብዳቤ ይዞ ከቤት ወደ ቤት ብዙም አይዞርም፤ ባለሣጥኑ ራሱ ፖስታ ቤት ሄዶ፣ ሣጥኑን በቁልፉ ከፍቶ፣ ያለውን ጠርጎ ወደ ቢሮው ይዞ ይመጣል። ሣጥኑ ባዶ ይቀራል። ፖፕም እንዲሁ ነው፤ መልእክቱ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ፣ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠ በቀር፣ በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ አይቀመጥም። ያለው በወረደበት በዚያ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ነው።

ዛሬ ትልቁ ጭንቀታችን ይኸው ነው። ወላይታን በ1992 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም በ2000 ዓ.ም. የምግብ እጥረት ክፉኛ በነካው ጊዜ፣ በተለይም በኋለኛው ማሳው ለምልሞ ሳለ ጎተራው ባዶ በሆነበት «አረንጓዴ ረሃብ» በተባለው ወቅት፣ እንደ እኛ ያሉ ድርጅቶች ብዙውን ነገር የተጻጻፉት በኢሜይል ነው። ስንት ኩንታል እህል እንደተጫነ፣ ለየትኛው ቀበሌ እንደተከፋፈለ፣ ማን ፈርሞ እንደተረከበ፣ የትኛይቱ ምእመናን ምን እንደላኩ የሚገልጸው ጽሑፍ በወረቀት ታትሞ ወደ መዝገብ ቤት ያልገባ ከሆነ፣ ምስክሩ የፕሮጀክት አስተባባሪው ኮምፒዩተር ብቻ ነው። ኮምፒዩተር ደግሞ ያረጃል፤ ዲስኩ አንድ ቀን ሳያስጠነቅቅ ይቆማል።

አንባቢ «ታዲያ አሮጌውን ለምን እስካሁን ተጠቀማችሁበት?» ይል ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው፤ ይሠራ ነበር። ዝቅተኛ መስመር ባለበት ቦታ ሁሉን አውርዶ ማታ በሻማም ቢሆን፣ ባትሪ እስካለ ድረስ፣ ማንበብ መልካም ነገር ነው። አሁን እንድንነሣ ያስገደደን አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች መተማመኛ እያጡ መምጣታቸው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ጥበቃ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 አቁሟል፤ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ደግሞ በይለፍ ቃል ብቻ የሚገቡ አሮጌ የኢሜይል ፕሮግራሞችን ከአገልግሎቱ ማገድ ጀምሯል። ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2025 ይህንኑ ፈጽሟል። እንግዲህ አዲሱን አገልግሎት ይዞ በአሮጌው ፕሮግራም ልቀጥል ቢሉ አይሆንም። የራስን ሰርቨር በቢሮ አቁሞ ማስተዳደርም በእኛ አስተያየት ለዱቦ የሚሆን ምክር አይደለም። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 የተመረቀው ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው፤ ነገር ግን ለጎረቤትነቱ ሲባል መብራት አይጠፋም ብሎ የሚምል የአረካ ነዋሪ አላጋጠመንም።

ክላውድ ማለት ደመና ነው። በወላይታ ደመና ሲባል በልግ ይታሰባልና ስሙ ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም በሰማይ ላይ የተንጠለጠለ ነገር የለም። ደብዳቤዎቹ የሚቀመጡት ብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች በተደረደሩባቸው፣ የራሳቸው የኃይል ማመንጫና ጥበቃ ባላቸው ትልልቅ ሕንፃዎች ውስጥ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019፣ ጉግልም በ2024 እንዲህ ያለውን ማእከል በደቡብ አፍሪካ ከፍተዋል፤ የሚበዙት ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ናቸው። በፖስታው ምሳሌ ብንሄድ፣ ደብዳቤው ከሣጥኑ ተጠርጎ አይወጣም፤ እዚያው ሆኖ ባለቤቱ ከየትኛውም መስኮት፣ ከቢሮም ከስልኩም፣ ቁልፉን እያሳየ ያነብበዋል። የቢሮው ኮምፒዩተር ቢቃጠል ደብዳቤው አይቃጠልም።

ይህ ማለት ግን ክላውድ ችግርን ሁሉ ይፈታል ማለት አይደለም፤ እንዲህ የሚሉትን ሻጮች አንስማቸው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገሪቱ ኢንተርኔት በተዘጋ ጊዜ መስመሩ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሳይመለስ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደብዳቤው ከአደጋ የራቀ ቢሆንም ከባለቤቱም ይርቃል። ስለዚህ የሥራ ፕላን፣ የስልክ ዝርዝርና የተረጂዎች ሰነድ ምን ጊዜም በቢሮ ውስጥ ግልባጭ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው ነገር ክፍያው ነው። የክላውድ ዋጋ በየወሩ በሰው ቁጥር የሚከፈል ሆኖ የሚተመነውም በዶላር ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ በለቀቀ ጊዜ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደርሷል። ጉግልም ሆነ ማይክሮሶፍት ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች በነፃ ወይም በቅናሽ የሚሰጡት አገልግሎት አላቸው፤ ድርጅቱ በሕግ የተመዘገበ መሆኑን በሰነድ ማስረዳት ግን ያስፈልጋል። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ሰው ሣጥን ከመክፈት በፊት ማን በእውነት እንደሚያስፈልገው መለየት ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ዝውውሩ እንምጣ። ባለሙያዎች የሚያወሩት ስለ መሣሪያው ነው፤ መሣሪያውን ማዛወር ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ደብዳቤዎቹ መትረፋቸውንና መጥፋታቸውን የሚወስነው ከዚያ በፊት በየቢሮው የሚሠራው ፍለጋ ነው። ለፕሮጀክት ሠራተኞቻችን የምንለው ይህ ነው፦ በቢሯችሁ ያለውን ኮምፒዩተር ሁሉ፣ በመጋዘን ጥግ አቧራ የለበሰውንም ጭምር፣ ቁጠሩ። በእያንዳንዱ ላይ የትኛው የኢሜይል ፕሮግራም እንደነበረና የማን መልእክት እንዳለ ጻፉ። ኮምፒዩተሩ ሳይፈተሽ አይሸጥ፣ አይሰጥ፣ ዊንዶውሱም እንደ አዲስ አይጫንበት።

በዚህ ፍለጋ ውስጥ አንድ ልዩ ነገር ታገኛላችሁ፤ በሌላ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ስለማይጠቅሱት በሰፊው እናነሣዋለን። የግዕዝ ፊደላት በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ መሥሪያ ቤቶችም ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ አማርኛ የሚጽፉት ቪዥዋል ግዕዝን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች ነበር። በእነዚህ ፕሮግራሞች አሠራር ኮምፒዩተሩ የሚያስቀምጠው በመሠረቱ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሲሆን፣ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የተጫነው የፊደል ቅርጽ፣ ማለት ፎንቱ፣ እንደ አማርኛ አድርጎ ያሳየናል። ዛሬ ያንኑ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ብትከፍቱት የምታዩት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ነው። ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ይሰርዘዋል። አልተበላሸም። ፎንቱ ሲመለስ ይነበባል፤ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ ፕሮግራሞችም አሉ። ደብዳቤው ወደ ክላውድ ሲዛወርም እንደነበረው ይሄዳልና በዚያም አይነበብም። ስለሆነም ፎንቶቹን ከአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ገልብጣችሁ ከደብዳቤዎቹ ጋር አስቀምጡ፤ ዋና ዋናዎቹን ደብዳቤዎችም ፎንቱ ባለበት በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ከፍታችሁ በወረቀት አትሙ። የሚገርመው፣ ወላይትኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍ በመሆኑ በዚያው ሣጥን ውስጥ ያሉት የወላይትኛ ደብዳቤዎች አንድ ፊደል ሳይጎድልባቸው ይገኛሉ።

የተሰበሰበውን ወደ ላይ መጫን ሌላው ሥራ ነው። የአንድ አስተባባሪ ሣጥን 5 ጊጋባይት ቢሆንና የመስመሩ የመላክ ፍጥነት በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢሆን፣ ስሌቱ 40,000 ሰከንድ፣ ማለት ከ11 ሰዓት በላይ ነው፤ ያውም መስመሩ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቋረጥ። በዱቦ በመሰለ ቦታ ይህን መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ደብዳቤዎቹን በሁለት ተነቃይ ዲስኮች ገልብጦ አንዱን በቢሮ አስቀርቶ፣ ሌላውን በአረካ በኩል በሚያልፍ የፕሮጀክት መኪና ወደ ሶዶ፣ አስፈላጊ ከሆነም ወደ አዲስ አበባ መላክና መስመሩ ከሚሻልበት መጫን ይበልጣል። መንገዱ ከኢንተርኔቱ የሚፈጥንበት ጊዜ አለ። ዲስኩ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ይሁን፤ በእጅ ለእጅ ርክክብም በፊርማ ይሰጥ።

ስለ አድራሻው ብዙዎቻችሁ ግራ የተጋባችሁ ስለሆነ በአጭሩ እናስረዳ። ዋናው መሥሪያ ቤታችን የራሱ የኢንተርኔት ስም ስላለው አድራሻው አይለወጥም። ስሙ የሚመራው ኤምኤክስ በሚባል ማስታወቂያ ነው፤ ይህ «የዚህ ድርጅት ደብዳቤ ወደዚህ ፖስታ ቤት ይሂድ» እንደሚል ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ሲቀየር ወሬው በዓለም ላይ እስኪዳረስ ጥቂት ሰዓታት፣ አልፎ አልፎም አንድ ሁለት ቀን ይፈጃልና በእነዚያ ቀናት አሮጌውም አዲሱም ሣጥን ሊታይ ይገባል። የመስክ ቢሮዎቻችን ግን ሲገለገሉ የቆዩት አገልግሎት ሰጪዎች በሰጧቸው አድራሻ ነው፤ ስሙ የእኛ ስላልሆነ ይዘነው ልንሄድ አንችልም። የቀድሞውን ሳንዘጋ ለአንድ ዓመት እናቆየዋለን፤ በየሳምንቱም የሚከፍተው ሰው ተመድቧል። ደብዳቤ ጽፎ መልስ ያጣ ርዳታ ላኪ ሁለተኛ እንደማይጽፍ ከልምድ እናውቃለን።

በአገራችን ማኅተምና ቲተር የሌለው ደብዳቤ ማንም አይቀበልም። በኢሜይልም እንዲሁ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጉግልና ያሁ ወደ ተገልጋዮቻቸው ለሚገባው መልእክት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ፤ ኤስፒኤፍ የሚባለው «በስሜ ደብዳቤ እንዲያደርሱ የፈቀድኩላቸው እነዚህ ናቸው» የሚል ዝርዝር ሲሆን፣ ዲኪም የሚባለው ደግሞ በመንገድ ላይ ያልተነካ መሆኑን የሚያስረዳ ማኅተም ነው። በተለይ ብዙ ደብዳቤ በአንድ ጊዜ የሚልክ መሥሪያ ቤት እነዚህን ካላሟላ መልእክቱ ተቀባይነት ያጣል ወይም ወደ ቆሻሻው መዝገብ ይገባል። ከእኛ የሚጠበቅ ደብዳቤ ካልደረሳችሁ ያንን መዝገብ ተመልከቱልን።

ስለ ቁልፉ ደግሞ ጥቂት። ቀድሞ ሣጥኑ የሚከፈትበት ስም የሰውየው ነበር፤ ሰውየው ሲለቅ ሣጥኑም አብሮ ይሄድ ነበር። ከእንግዲህ የውጭ ደብዳቤ የሚመጣው ለሥራ መደቡ፣ ማለት ለአስተባባሪው ወይም ለሒሳብ ክፍሉ በተከፈተ ሣጥን ነው፤ ባልደረባው ሥራ ሲለቅ መኪናና ንብረት እንደሚያስረክብ ሁሉ ሣጥኑንም ያስረክባል። አዲሱ አገልግሎት ከይለፍ ቃል ሌላ በስልክ የሚመጣ ቁጥር ይጠይቃል። ኔትዎርክ በጠፋ ጊዜ ወይም ሲም ካርድ በተቀየረ ጊዜ ሠራተኛው ውጭ እንዳይቀር አገልግሎቱ የሚሰጠውን የመጠባበቂያ ቁጥር በወረቀት አትሞ በካዝና ማስቀመጥ ግድ ነው። ሁሉን የሚያዝበት ዋናው የአስተዳዳሪ ቁልፍ ደግሞ፣ ቼክ በጣምራ ፊርማ እንደሚወጣ፣ በአንድ ሰው እጅ ብቻ መኖር የለበትም፤ ሁለት ሰዎች ሊይዙት ይገባል። ወጣቱ የኮምፒዩተር ባለሙያ ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን ይታመማል፣ ይዛወራል፣ ትምህርት ይሄዳል።

ሁሉን ነገር ይዞ መሄድም አያስፈልግም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን የግል መረጃ መያዝ ኃላፊነት አለበት፤ መረጃው ከአገር ውጭ ስለሚተላለፍበት ሁኔታም ሕጉ ይደነግጋል። በአሮጌ ሣጥኖቻችን ውስጥ የልጆች ፎቶግራፍ፣ የሕመምተኞች ወረቀት፣ የቤተሰብ ችግር በስም የተጻፈበት ሪፖርት አለ። የእህል ርክክቡ ይቆይ፤ ዛሬ ሰው የሆነ፣ ምናልባትም የራሱን ልጆች የሚያሳድግ ሰው፣ በልጅነቱ ስለ አባቱ የተጻፈው ገመና ግን በውጭ አገር ሰርቨር ላይ የሚቀመጥበት ምክንያት አይታየንም። ይህን የመለየት ሥራ ለማሽን አንሰጠውም፤ የአካባቢውን ሰው የሚያውቁ ሁለት ባልደረቦች ተቀምጠው ይሠሩታል።

ከላይ ስለ አጭበርባሪዎች ያነሣነውን አሁን እንግለጽ። የእነዚህ ሰዎች ዘዴ በአንድ አሮጌ ሣጥን ውስጥ በቀላል ይለፍ ቃል ገብተው ምንም ሳይነኩ ለሳምንታት ማንበብ ነው። ማን ለማን፣ በየትኛው ወር፣ ስንት እንደሚልክ ያጠናሉ። ከዚያም አንድ ፊደል ብቻ የተለወጠበት ተመሳሳይ አድራሻ ከፍተው፣ በባልደረባችን አነጋገርና ሰላምታ፣ አዲስ የሒሳብ ቁጥር ይልካሉ። አድራሻ በሚለወጥበት ሰሞን ይህ ሊታመን የሚችል ወሬ ስለሆነ ጊዜው ለእነርሱ ምቹ ነው። የምእመናን ገንዘብ ያዦች ሆይ፤ ስለ ገንዘብ የሚናገር ማንኛውም አዲስ መልእክት ሲደርሳችሁ በመልእክቱ ላይ ወዳለው ስልክ አትደውሉ፤ ከዚህ በፊት በእጃችሁ ወዳለው ቁጥር ደውላችሁ የምታውቁትን ድምፅ ስሙ። በሥራ ብዛት እንዳንቆጣ አትፍሩ፤ አሥር ጊዜ ቢደወልልን አይሰለቸንም።

ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መመሥረት ወዲህ፣ ማለት ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ቀድሞ ወደ ሐዋሳ እንጽፍላቸው ከነበሩት መሥሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ወደ ሶዶ መጥተዋል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አድራሻ ዝርዝራችንንም በዚሁ አጋጣሚ እያደስን ነው። በዱቦ ያላችሁ ባልደረቦች የኮምፒዩተር ቆጠራችሁን ጨርሳችሁ ዝርዝሩን በሁለት ግልባጭ አዘጋጁ፤ አንዱ ከዲስኩ ጋር ይምጣ፣ ሁለተኛው በመዝገብ ቤታችሁ ይቅር። ደብዳቤዎቹ በአዲሱ ሣጥን ውስጥ ተከፍተው መነበባቸው እስኪረጋገጥ ድረስ አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች ከመጋዘን አይወጡም።